ያላደረ ዕቃ

ላፕቶፑ ገና ሲከፈት ጮኸ። ጩኸቱ ከጥገና ቤቷ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ፤ ስልኩን እየነካካ በበሩ በኩል ያልፍ የነበረ ሰውዬ ቆም ብሎ ሰማዩን ተመለከተ።

«አየሽልኝ?» አሉ ቲቸር ድምፃቸውን ከጩኸቱ በላይ ከፍ አድርገው። «እኔ ኮምፒውተር ብዬ ገዛሁ፣ እነሱ አውሮፕላን ሸጡልኝ።»

ወረንጦ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የእጇን ጀርባ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር አስገባች። ይህን ያስተማረቻት የጥገና ቤቷ ባለቤት የሆነችው አክስቷ ናት። «መጀመሪያ እጅሽን፣ ቀጥሎ ጆሮሽን፣ ካቻቪቴውን መጨረሻ» ትላለች። እጇ ግን የጠበቀውን አላገኘም። እንዲህ የሚጮህ ማሽን እንደ ምጣድ መፋጀት ነበረበት፤ ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው።

ወረንጦ የሚለውን ስም ያወጣላት የክፍል ጓደኛዋ ጋዜጣ ነው። ጣቶቿ ቀጫጭንና ረዣዥም ናቸው፤ ሌላው ሰው በመነጽር የሚፈልገውን ብሎን እሷ በጥፍሯ ታነሳዋለች። ጋዜጣ ራሱ ደግሞ ጋዜጣ የተባለው የትምህርት ቤቱ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ስለሚደርስ ነው። ዓይነ ስውር ነው። «ሰው ሁሉ ያነበኛል፤ ራሴን ማንበብ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ስለሚቀልድ፣ በስሙ ሊያሾፍበት የሚመጣ ሰው የሚለው ነገር ያጣል። ዛሬ የቲቸርን ክንድ ይዞ መጥቶ፣ ነጭ ዘንጉን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

ጩኸቱ እሱንም ይመለከተዋል። ቲቸር ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ቤታቸው ቁጭ ብለው የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ እየቀዱ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ይልካሉ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ቀረጻውን ገጽ በገጽ ስለሚከፋፍለው ተማሪው የፈለገው ገጽ ላይ ዘሎ ይሄዳል። በስልክ ቀድተው ሞክረው ነበር፤ ልጆቹ አንዲት ገጽ ለማግኘት ምዕራፉን ሙሉ ወደፊትና ወደኋላ ሲጎትቱ ይውሉ ጀመር። ስለዚህ ከነጩኸቱም ቢሆን ላፕቶፑ ይሻላል ተባለ። የዘንድሮው ባዮሎጂ በሙሉ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆመው ያነበቡት ይመስላል። አሁን ሁለት ምዕራፎች ቀርተዋል፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

«ከዚህ በፊት ማን ከፍቶት ነበር?» አለች ወረንጦ።

«ሁለት ቦታ ወስጄዋለሁ። አንደኛው አቧራ ነው ብሎ ጠረገው። ሁለተኛው ፋኑ ነው ብሎ በአዲስ ቀየረው። አዲሱ ከአሮጌው የበለጠ ይጮሃል። ጉልበታም ሳይሆን አይቀርም።»

«አንድ ነገር ልበል?» አለ ጋዜጣ።

«ባልፈቅድልህም ትላለህ።»

«ይሄ ፋን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እኩል ነው የሚጮኸው። የእኛ ቤት ኮምፒውተር በዝምታ ይጀምራል፣ ሲሞቀው ያጉረመርማል፣ ከዚያ ደግሞ ይረጋጋል። ማለቴ፣ ይተነፍሳል። ይሄኛው አይተነፍስም። አንዴ ከጀመረ እንደጮኸ ምዕራፉ ያልቃል።»

ቲቸር በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቼም ዓይን ሲደክም ጆሮ...»

«ቲቸር፣ እባክዎ እሷን እንዳይጨርሷት!» ጋዜጣ ሳቀ። «ጆሮዬ የማንም ሰው ጆሮ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ጩኸት ጋር ነው ያጠናሁት። ስለ ልብ አሠራር ሳስብ ራሱ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፋኑ ነው።»

ወረንጦ የሙቀት መጠን የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፈተች። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። ከታች ያለችው አንዷ መስመር ግን ከዜሮ በታች ትላለች፤ ያውም በጣም በታች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የቲቸርን ግንባር እያላበችው፣ ማሽኑ ውስጥ በረዶ እየጣለ ነው ማለት ነው።

«አገኘሁት መሰለኝ» አለች። የልብ ልብ ተሰማት። «ቦርዱ ላይ ሙቀት የምትለካ ሴንሰር አለች፤ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች። እሷ ሞታለች። ቦርዱ መሞቅ አለመሞቁን ማወቅ አልቻለም። ስለማያውቅ ደግሞ ክፉ ክፉውን ይጠረጥራል። ምናልባት እየተቃጠልኩ ይሆናል ብሎ ፋኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ያስሮጠዋል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ ቲቸር። «ጥንቁቅ ቦርድ ነው።»

ብሎኖቹን ፈትታ፣ ቦርዱን አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ሴንሰሯ ዙሪያዋን አረንጓዴ ዝገት በልቷታል። ወረንጦ ቀና ብላ ቲቸርን አየቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ጫማቸውን አዩ።

«ሳነብ ጉሮሮዬ ይደርቃል» አሉ። «ውሃ አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ትንሽ ነው የፈሰሰው።»

የመጨረሻው ፈተና ትንፋሽ ነው። የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች በሴንሰሯ ጫፍና ጫፍ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተነፈሰችባት። ደህና ሴንሰር ቢሆን ሙቀቱ ሲነካው ቁጥሩ ይወርዳል። ይሄኛው ንቅንቅ አላለም።

አክስቷ ሌላ ከተማ የአንድ ክሊኒክ ማሽኖች ልትጠግን ሄዳለች፤ የምትመለሰው ከነገ ወዲያ ነው። ወረንጦ ደወለችላት።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች አክስቷ ሁሉንም ከሰማች በኋላ። «እኔ ብሆን ከዚህ የተለየ ነገር አላደርግም። በይ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ እያንዳንዱን ቦርድ እየለካሽ ፈልጊ፤ የእሷ ቢጤ አትጠፋም። ካገኘሽ በይጃት፤ ግን አሳድሪው። ካላገኘሽ እኔ እስክመጣ ይቆይ።»

ሬሳ ሳጥን የሚሉት ሊድኑ ያልቻሉ ቦርዶች የሚጣሉበትን ትልቅ ካርቶን ነው፤ የሞተው ለቆመው መለዋወጫ ይሰጣል። ማሳደር ደግሞ የአክስቷ ሕግ ነው። የተጠገነ ማሽን ሥራ በዝቶበት ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ እየሠራ ያድራል፤ ጠዋት በእጅ ተዳስሶ፣ በጆሮ ተሰምቶ፣ ደህና ከሆነ ለባለቤቱ ይሰጣል። ደንበኛ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢማጸን መልሱ አንድ ነው። «ያላደረ ዕቃ አይወጣም።»

ቲቸር ማምሻውን ተመልሰው እንደሚመጡ ተናግረው ከጋዜጣ ጋር ሄዱ። «ካልሆነም ግድ የለም፣ በጩኸቱ ላይ አነባለሁ» አሉ በሩ ላይ። ጉሮሯቸውን በእጃቸው እያሻሹ ነበር።

ወረንጦ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ጎትታ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያው ቦርድ ሴንሰር የሌላ ዓይነት ነው። የሁለተኛው ዝጓል። ሦስተኛው ትንፋሿን ከቁብም አልቆጠረው። እንዲህ እያለች ከካርቶኑ እኩሌታ ስትደርስ አንገቷ ደነዘዘ፤ የበሩም ጥላ ወለሉ ላይ ረዘመ። ያኔ ነው ዓይኗ መሳቢያው ውስጥ ያሉት፣ ቢሞቅም ቢበርድም ቁጥራቸው የማይለወጥ አዳዲስ ሬዚስተሮች ላይ ያረፈው።

ነገሩን በወሬ ታውቀዋለች። አክስቷ አንድ ጊዜ ስለ ሰነፍ ጠጋኞች ስታወራ ነግራታለች። ደህና ሴንሰር በመጠነኛ አየር ላይ የሚያሳየው የታወቀ ቁጥር አለ። በሴንሰሯ ቦታ፣ ያንኑ ቁጥር የያዘ ሬዚስተር ከበየድሽበት ቦርዱ ሁልጊዜ ደስ የሚል የጠዋት አየር ላይ ያለ ይመስለዋል። ፋኑም ያርፋል። «ሞኝ አይደለም ይህን የሚሠራው» ብላ ነበር አክስቷ። «ሞኝማ ከየት አውቆት? ግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ወረንጦ መበየጃውን አጋለች። ከዚህ በፊት እንዲህ አሳምራ በይዳ አታውቅም። ማሽኑን ገጣጥማ ስታስነሳው ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ውጭ የሚያልፍ የብስክሌት ደወል ብቻ ነበር። ዝም። ከመክደኗ በፊት የቴስተሩን መርፌዎች አስጠግታ ስትተነፍስበት ቁጥሩ እዚያው ቆመ። እንደማይነቃነቅ ታውቅ ነበር። ያም ሆኖ መርፌዎቹን ቶሎ አንስታ ክዳኑን ገጠመች።

ለሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው አለች ለራሷ። አክስቴ ስትመጣ እናስተካክለዋለን።

ይህን ብላ ሳትጨርስ ቲቸር በሩ ላይ ነበሩ። ገብተው ጆሯቸውን ላፕቶፑ ላይ ለጠፉ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እንደገና ጆሯቸውን ለጠፉ።

«እውነት እየሠራ ነው?»

«እየሠራ ነው።»

«እጅሽ ይባረክ! ያ ሁሉ ባለሙያ ያቃተውን! ምኑ ነበር በመጨረሻ?»

«ሴንሰሯ ናት። ቀየርኳት።»

ቀየርኳት ማለቷ ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ከአፏ በቀላሉ የወጣው። ቲቸር ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፈው ሲወጡ «አላደረም እኮ» የሚለው ነገር ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ጋዜጣ ከክፍሉ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኛትና አጠገቧ አረፍ አለ። አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ሰካላት።

«ስሚ። ዝም ብለሽ ስሚ።»

የቲቸር ድምፅ እንዳለ መጣ። ሲተነፍሱ፣ ገጽ ሲገልጡ፣ ምራቃቸውን ሲውጡ ሁሉ ይሰማል። ስለ ኩላሊት ነው የሚያነቡት፤ ኩላሊት እንዲህ ሊያምር እንደሚችል ወረንጦ አስባ አታውቅም።

«አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አቦ ይመችሽ!» አለ ጋዜጣ። «ትናንት ማታ ነው የላኩልኝ። ቲቸር ቤታቸው ውስጥ የግድግዳ ሰዓት እንዳላቸው ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ አብሮን ሲቆጥር ኖሯል።»

ወረንጦ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ ድምፁ አረፍተ ነገር መሀል ላይ ድንገት ተቋርጦ ቀረ። ከዚያ ቲቸር እንደገና መጡ፤ አሁን ድምፃቸው ሻከር ብሏል።

«ይቅርታ ልጆች፣ ማሽኑ ጠፍቶብኝ ነበር። የማይነካ ቁልፍ ነክቼ መሆን አለበት። ጣቴ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። ያልተቀመጠው ስለጠፋ ከርዕሱ ጀምሬ እደግመዋለሁ።»

ደገሙት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተቋረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ይቅርታ እንኳ አልጠየቁም፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ይኸው እንግዲህ እርጅና» ሲሉ ግን ከማይክራፎኑ ራቅ ብለው ለራሳቸው ያጉረመረሙት ተቀድቷል።

ወረንጦ ማዳመጫውን ነቀለችው።

«ምን ሆንሽ?» አለ ጋዜጣ።

ነገረችው። ሬዚስተሩን፣ የጠዋቱን አየር፣ ሳታሳድር መስጠቷን፣ ሁሉንም። «ፋኑ ጨርሶ አይዞርም። ማሽኑ ይግላል። ፕሮሰሰሩ በቃ ልሞት ነው ሲል ራሱን ለማዳን ድርግም ይላል። ጣታቸው አይደለም።»

ጋዜጣ ዘንጉን በመዳፎቹ መሀል አሽከረከረ። 

«አንድ ምዕራፍ ነው የቀረው» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ማታ ይጨርሱታል። ሲጠፋ ያስነሱታል። ሆድ ይፍጀው በያ፣ እስከ ሰኞ ብቻ።»

«ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉት ዕቃዎች እየተጠበሱ ነው። ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችላል።»

«እስከ ሰኞ ይበላሻል?»

«አላውቅም።»

«አየሽ፣ አታውቂም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረንጦ፣ አንቺ መጽሐፉን ከፍተሽ ታነቢዋለሽ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ጩኸት ነው ያጠናሁት። ገና ትናንት ነው ሰው ሲያነብልኝ የሰማሁት።»

ይህን ሲላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልክ ነው፤ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው።

«እሳቸው ግን ጣቴ ነው ብለው ያስባሉ» አለች።

ጋዜጣ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ደወሉ ሲደወል ተነሳ። «ሂጂም አልልሽም፣ አትሂጂም አልልሽም» ብሎ በዘንጉ ደረጃውን እየነካ ወረደ።

ከትምህርት በኋላ ወደ ጥገና ቤቷ የሚወስደው መንገድ ወደ ግራ ነው። ወረንጦ መታጠፊያው ላይ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ አሰረች፤ እንደገና ፈትታ አሰረች። ከዚያ ወደ ቀኝ ሄደች።

ቲቸር በሩን ሲከፍቱላት ፊታቸው በላብ ወርዝቷል። መስኮቱ ተዘግቷል። ላፕቶፑ አልጋው ላይ፣ ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ታጥሯል።

«ነይ ግቢ ሐኪሜ!» አሉ። «ድምፅ እንዳያስተጋባ ብዬ ድንኳን ሠርቼለታለሁ። ማን እንዲህ አድርግ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ጋዜጣ ነው፤ ባለፈው ዓመት ማለቴ ነው። ፋኑ ሲጮህ ግን ድንኳን ምን ያደርጋል? አሁን ገና ሠራልኝ።»

ወረንጦ እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደደች። የእጇ ጀርባ ላፕቶፑን ሲነካው ሳታስበው መልሳ ሳበችው።

ቲቸር ወንበር አቀረቡላት። ራሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ በሩ መዘጋቱን አይተው፣ እንደ ሚስጥር ጎንበስ አሉ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማሽኑ ይጠፋብኛል። አንቺ አሳምረሽ ሠርተሽው እኔ አበላሸሁት መሰለኝ፤ ወይ ቁልፍ ነው፣ ወይ ደግሞ ውሃ። ለአክስትሽ እንዳትነግሪብኝ። ባለፈውም ውሃ ከአጠገብዎ ያርቁ ብላ ተቆጥታኛለች።»

የማምለጫ በር እንዲህ ወለል ብሎ ተከፍቶላት አያውቅም። «እሺ» ማለት ብቻ ነው። እሺ ብትል ቲቸር ያመሰግኗታል፣ ጋዜጣ ምዕራፉን ያገኛል፣ አክስቷም ምንም አትሰማም። ወረንጦ ጣቶቿን ተመለከተቻቸው።

«ቲቸር፣ ጣትዎ አይደለም» አለች። «ውሃውም አይደለም። እኔ ነኝ።»

ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። አልጠረጉትም፤ ዝም ብለው ያዙት።

«ቀየርኳት ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ቀይሬያታለሁ። ምንም በማያውቅ ነገር።»

«ስለዚህ ማሽኑ ውስጡ እየነደደ ደህና ነኝ ይላል።»

«አዎ።»

 ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ሲሠራ ተሰማ፤ ጋዜጣ በቀረጻው የሰማው ሰዓት። «እኔም ሐኪም ቤት ስሄድ እንደዚያው ነው የምለው» አሉ ቲቸር፤ ከዚያ ቀልዱን ተዉትና በእውነት አዘኑ። «ትናንት ማታ፣ ሦስተኛው ላይ፣ ከእንግዲህ ይህ ሥራ ይብቃኝ ብዬ አስቤ ነበር። ጣቴም ራሴም ከዱኝ ብዬ።»

ወረንጦ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። 

ቲቸር ተነስተው ብርድ ልብሱን አነሱ፣ ላፕቶፑን ዘግተው ሰጧት። ከመሞቁ የተነሳ በሻርፗ ጠቅልላ ነው የያዘችው። «ለሌሎቹ ልጆች እኔ መልእክት እልካለሁ» አሉ። «ጋዜጣን አንቺ አናግሪው። እሱ ይከብዳል።»

አክስቷ ስልኩን ያነሳችው ሥራ ላይ እያለች ነው። ወረንጦ ቶሎ ቶሎ ነገረቻት፤ ቀስ ብትል አትጨርሰውም።

«ሬሳ ሳጥኑን እስከ ታች ፈልገሻል?» አለች አክስቷ።

«ግማሹን።»

«ግማሹን!» ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሻል ይኼ ነው። በይ አውጪው አሁኑኑ። ሌላውን ስመጣ እንነጋገራለን።» ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ግን አክስቷ ጨመረች። «ቲቸር ቤት ሄደሽ ነው መጀመሪያ የነገርሻቸው?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች አክስቷ፤ ይህችኛዋ እሺ ለስለስ ያለች ነበረች።

ሬዚስተሩን ለማንሳት ጊዜ አልፈጀባትም። ማሽኑን ስታስነሳው ያ የድሮው ጩኸት ጥገና ቤቷን ሞላው። እውነቱን ለመናገር፣ ስትሰማው ትከሻዋ ቀለል አላት። አጥፍታው ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረገፈችና ካቆመችበት ቀጠለች።

ብዙም ሳትቆይ የዘንግ ኳኳታ በሩ ላይ ደረሰ።

«ከመታጠፊያው ነው የሰማሁት» አለ ጋዜጣ። «ወፍጮ ቤቱ ተከፈተ አልኩ።»

«ተናደድክ?»

«በጣም።» በርጩማውን በእግሩ ፈልጎ ተቀመጠ። «ቲቸር ደውለውልኝ ነበር። እርጅና አይደለም አሉኝ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ ሰውዬው እንደ ልጅ ነው የሳቁት። ከዚያ በኋላ መናደድ ራሱ አላስኬደኝም።» ቦርሳውን አወረደ። «ምን ልሥራ?»

ወረንጦ አየችው። ሁለት መርፌ ይዘው፣ ቁጥር እያነበቡ፣ መተንፈስም ሥራ ነው፤ ለአንድ ሰው ይበዛል።

«ና ተንፍስ» አለችው።

እሷ መርፌዎቹን ትይዛለች፣ እሱ ጣቱን በእጇ ላይ አስደግፎ ቦታውን ያገኛል፣ ጎንበስ ብሎ «ሁህ» ይላል።

«አልወረደም። ቀጣዩ።»

«ሁህ።»

«ይሄም ሞቷል።»

«ምሳ ላይ ሽንኩርት በልቻለሁ። ገዳዩ እኔ እንዳልሆን።»

ሳቋ አምልጧት መርፌው ሸሸ፤ እንደገና ጀመሩ። ካርቶኑ እየጎደለ፣ ከጎኑ ያለው ክምር እያደገ ሄደ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ፣ ጥግ ላይ ከተጣበቀ ስብርባሪ ቦርድ ላይ፣ አንዲት ንጹሕ ሴንሰር ተገኘች። ቁጥሯ ትክክል ነው። ጋዜጣ ተነፈሰ፤ ቁጥሩ ወረደ። ዝም ሲል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ። ወረንጦ አላመነችም፤ ሦስቴ አስተነፈሰችው።

በየደቻት። ማሽኑ ሲነሳ ዝም አለ። የበረዶዋ መስመር አሁን የክፍሉን ሙቀት ታሳያለች። ወረንጦ ከባድ ከባድ ሥራ ጫነችበትና እጇን ከሥሩ አስገብታ ጠበቀች። ሞቅ አለ። ከዚያ ፋኑ ከሩቅ እንደሚመጣ መኪና ድምፅ አወጣ፣ ከፍ አለ፣ ሙቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ዝቅ አለ።

«ተነፈሰ» አለ ጋዜጣ በሹክሹክታ።

ስልኳ ጮኸ። ቲቸር ናቸው፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«ልጄ፣ ዝም ብሎ ይሆን? ጋዜጣ አንቺ ዘንድ እሄዳለሁ ብሎኝ ነው። መጽሐፉን ገልጬ፣ ውሃዬን ማዶ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አሁን ብወስደው ምዕራፉን ሳልተኛ እጨርሰዋለሁ፣ ልጆቹም ነገ ያገኙታል። አለቀ?»

ወረንጦ ማሽኑን አየችው። ደህና ነው፤ እጇም ጆሮዋም ደህና ነው ይላሉ። ጋዜጣ ላይ ዓይኗ አረፈ። ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል።

«ገና ነው ቲቸር» አለች። «ይደር።»